ከመስኮት የሚታይ የራስ ንብረት፦ የሳምሶ ደሴት ጉዳይ

በ1997 ሳምሶ የምትባል የዴንማርክ ደሴት አንድ ውድድር አሸነፈች። (እዚህ ያሉት ዓመቶች በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) አብዛኛው ነዋሪ ደሴቲቱ መወዳደሯን እንኳን አያውቅም ነበር። እቅዱን የጻፈው ደሴቲቱ ላይ የማይኖር አንድ መሐንዲስ ነው። ሐሳቡን ለከንቲባው ነገረው፤ ከንቲባውም አልተቃወመም፤ ወረቀቱ ገባ። ከዚያ አሸነፋችሁ ተባለ። ሰዉ ምኑን ነው ያሸነፍነው ብሎ ግራ ተጋባ።

ውድድሩን ያወጣው የዴንማርክ መንግሥት ነበር። የአካባቢና የኃይል ሚኒስትሩ ያን ጊዜ ስቬን አውከን ናቸው። ጥያቄው አጭር ነው። አንድ አካባቢ ገበያ ላይ ባለ መሣሪያ ብቻ፣ አዲስ ፈጠራ ሳይጠብቅ፣ በ10 ዓመት ውስጥ ሙሉ በሙሉ ወደ ታዳሽ ኃይል መዞር ይችላል? አምስት ቦታዎች እቅድ አስገቡ። ሳምሶ አንደኛ ወጣች። ሽልማቱ ግን ገንዘብ አልነበረውም። በነፋስ እየዞረ ኤሌክትሪክ የሚያመነጭ ተርባይን የሚገዛ በጀትም፣ የተለየ የግብር ቅናሽም አልመጣም። የመጣው ማዕረግና አንድ ትልቅ የቤት ሥራ ነው።

ይህን ጉዳይ የመረጥኩት ለዚህ ነው። ገጠር ውስጥ ብዙ ጥሩ ነገር ከውጭ በመጣ ገንዘብ ይጀመርና ገንዘቡ ሲያልቅ አብሮ ይቆማል። እዚህ ግን ገንዘቡ መጀመሪያውኑ አልመጣም። ሰዎቹ ከኪሳቸው ማውጣትና መበደር ነበረባቸው። ያን እንዲያደርጉ ያደረጋቸው ምን እንደሆነ ነው ማየት የፈለግኩት።

ሳምሶ ካቴጋት በሚባለው ባሕር ውስጥ ናት፤ ከዩትላንድ ልሳነ ምድር 15 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። ስፋቷ 114 ካሬ ኪሎ ሜትር ነው። በዚያን ጊዜ ከ4,000 የሚበልጡ ሰዎች በ22 መንደሮች ይኖሩ ነበር። መሬቱ የእርሻ ነው። የሳምሶ እሸት ድንች በዴንማርክ ስም አለው። ሰዎቹ ስለ አየር ንብረት ለውጥ ቀን ከሌት የሚያወሩ ዓይነት አልነበሩም። ገበሬ፣ ቧንቧ ሠራተኛ፣ አንጥረኛ፣ ባለሱቅ፣ ጡረተኛ ናቸው። መብራቱ በባሕር ሥር በተዘረጋ ገመድ ይመጣል፤ የሚመነጨውም በአብዛኛው ከድንጋይ ከሰል ነበር። ቤት የሚያሞቀው ነዳጅ በመርከብ ይጫናል። ያወጡት ብር በሙሉ በዚያው ገመድና በዚያው መርከብ ተመልሶ ከደሴቲቱ ይወጣል ማለት ነው። በዚያው ዘመን አካባቢ የደሴቲቱ ቄራ ተዘጋ፤ ብዙ ሰው ሥራ አጣ። ወጣቱ ለትምህርት ይሄዳል፤ ሲጨርስም የሚመለሰው ጥቂት ነው። ይህ የብዙ ገጠር ታሪክ ነው።

ሥራው ለሶረን ሄርማንሰን ተሰጠ። ሄርማንሰን የደሴቲቱ ተወላጅ፣ የገበሬ ልጅ ነው። እዚያው በአንድ አዳሪ ትምህርት ቤት ስለ አካባቢ ጥበቃ ያስተምር ነበር። የፕሮጀክቱ የመጀመሪያ ሠራተኛ እሱ ሆነ። መጀመሪያ ላይ ስብሰባ ይጠራል፤ የሚሰማው ግን የለም። ሰዉ አይቃወመውም፤ ግን አይነሳም። ተቃዋሚ ቢሆን እንኳን የሚያነጋግሩት ነገር ይገኛል። ዝም ያለ ሰው ግን ምን ይደረጋል?

ከዚያ በኋላ ያደረገው ነገር የጉዳዩ እምብርት ይመስለኛል። ሁሉንም ሰው ለማሳመን መሞከሩን ተወ። በየመንደሩ ሌላው የሚሰማቸውን ሰዎች ፈለገ። ሰው ችግር ሲገጥመው የሚያማክረው ገበሬ አለ። የሁሉንም ቤት ቦይለር፣ ማለትም ውኃ እያሞቀ ቤት የሚያሞቀውን መሣሪያ፣ የሚያውቅ ቧንቧ ሠራተኛ አለ። ወደ እነሱ ሄደ። በየአዳራሹ ቡናና ቢራ እየቀረበ ደጋግሞ ተወያየ። ወሬው ዓለምን ስለማዳን ብቻ አልነበረም። ይህ ነገር ለአንተ ቤት ስንት ያወጣል? ስንት ያስገባል? ሥራው ለማን ይሆናል? ይህን የመሰለ ነበር።

ገጠር ውስጥ ሰው ጎረቤቱን እያየ ነው የሚወስነው። ማንም የመጀመሪያው መሆን አይፈልግም፤ ቢከሽፍ መሳቂያ ይሆናላ። ግን ሁለት ሦስት የተከበሩ ሰዎች ሲገቡ ነገሩ ይገለበጣል። "እገሌ ከገባ እኔ ምን አነሰኝ?" ይባላል። ሳምሶ ላይ የሆነው ይኸው ነው። ጥቂት ዓመት ሳይሞላ ማን ምን አስገጠመ፣ ማን ስንት ቆጠበ የሚለው የሰፈር ወሬ ሆነ። እልህም ገባበት።

አሁን ወደ ተርባይኖቹ እንምጣ። የነፋስ ተርባይን በብዙ አገር ጸብ ያመጣል። ይጮሃል፣ እይታ ያበላሻል፣ የቤት ዋጋ ያወርዳል ይባላል። ቅሬታው ሁልጊዜ መሠረት የለውም ማለት አይቻልም። አንድ ከሩቅ የመጣ ኩባንያ ከቤትህ ፊት ለፊት ግንብ የሚያህል ነገር ቢተክል፣ ገንዘቡን እሱ ቢወስድ፣ ጥላውና ድምፁ ላንተ ቢቀር ትናደዳለህ። እኔም እናደዳለሁ።

ሳምሶዎች ይህን ጥያቄ ከሥሩ ጀመሩት። በ2000 ዓ.ም. 11 ተርባይኖች የብስ ላይ ቆሙ። እያንዳንዳቸው 1 ሜጋዋት ናቸው። 11 ሜጋዋት የደሴቲቱን የዓመት የመብራት ፍጆታ ለመሸፈን ተሰልቶ የወጣ ቁጥር ነው። የት ይቆሙ የሚለው በሕዝብ ስብሰባ ተወራ፤ እይታ ያበላሻሉ የተባሉ ቦታዎች ቀሩ። በመጨረሻ ዘጠኙን ገበሬዎች በግል ገዙ። የቀሩት ሁለቱ የብዙ ሰዎች ሆኑ። አክሲዮን ተሸጠ፤ አቅም ያለው ብዙ፣ የሌለው አንድ ገዛ። ወደ 450 የሚሆኑ ነዋሪዎች ባለአክሲዮን ሆኑ። ከ4,000 ሰው 450 ማለት በየዘመድ አዝማዱ ቢያንስ አንድ ባለድርሻ አለ ማለት ነው።

ይህ ከባዶ የተፈጠረ አይደለም። ዴንማርክ ውስጥ በአክሲዮን ተሰባስቦ ተርባይን መግዛት የቆየ ልማድ ነው። በዚያው ጊዜ ገደማ በመላ አገሪቱ ወደ 100 ሺህ የሚጠጉ ቤተሰቦች በእንዲህ ያሉ ማኅበራት ውስጥ ድርሻ ነበራቸው። የወተትና የእርሻ ኅብረት ሥራ ማኅበርም ለዴንማርክ ገበሬ የአያቶቹ ነገር ነው። ሳምሶ አዲስ ሐሳብ አላመጣችም። የምታውቀውን ይዛ ነው ወደማታውቀው የሄደችው።

ባለቤት መሆን ምን ይለውጣል? ተርባይኑ ያው ነው፤ ድምፁም ያው ነው። ሰሚው ግን ሌላ ሰው ሆኗል። ጠዋት መስኮቱን ሲከፍት ክንፉ ሲዞር ካየ፣ የብድሩ ክፍያ ዛሬ ትንሽ እንደቀለለለት ያስባል። ነፋስ የበዛበት ቀን መጥፎ ቀን መሆኑ ቀርቶ የገቢ ቀን ይሆናል። አንድ የወተት ላሞች የሚያረባ ገበሬ በመሬቱ ላይ አንድ ተርባይን ገዛ። ወደደው። ቆይቶ ባሕር ላይ ከቆሙት የአንዱን ግማሽ ጨመረ።

ገንዘቡ ከየት መጣ? ከባንክ ብድር። የ11ዱ ተርባይን ዋጋ በጠቅላላ 66 ሚሊዮን የዴንማርክ ክሮነር ገደማ ነበር። ባንኩ ያበደረው ግን ለሐሳቡ ማማር ብሎ አይደለም። የኤሌክትሪኩ መሸጫ ዋጋ ለመጀመሪያዎቹ ዓመታት በመንግሥት ተረጋግጦ ነበር። ብድሩ በስንት ዓመት እንደሚመለስ በወረቀት ማስላት ይቻላል። ይህን ዝም ብሎ ማለፍ ተገቢ አይመስለኝም። የሳምሶ ታሪክ ሲነገር የሰዎቹ ኅብረት ብቻ ይወደሳል። ኅብረቱ እውነት ነው። ነገር ግን ከጀርባው የተረጋጋ ዋጋ፣ የሚያበድር ባንክና ትርፉን ወደ ዋናው ምድር የሚያሻግር ገመድ ነበረ። እነዚህ ባይኖሩ ስብሰባው ሁሉ ቡና ጠጥቶ መበተን ይሆን ነበር።

እኔን ከተርባይኖቹ ይልቅ የሚስበኝ ግን የማሞቂያው ነገር ነው። ፎቶ ላይ አያምርም፤ ስለዚህ ብዙ አይወራለትም። ክረምቱ ቀዝቃዛ በሆነ አገር ከፍተኛው ወጪ ቤት ማሞቅ ነው። ሳምሶ ላይ በየቤቱ የነዳጅ ቦይለር ነበረ። በምትኩ የጋራ ማሞቂያ ጣቢያ ተሠራ። አንድ ትልቅ ምድጃ ውኃ ያሞቃል፤ ውኃው መሬት ውስጥ በተቀበረ ቧንቧ ወደየቤቱ ይሄዳል፤ ቤቱን አሙቆ ቀዝቀዝ ሲል ተመልሶ ይመጣል። ምድጃው የሚበላው ገለባ ነው። ስንዴና ገብስ ከታጨደ በኋላ እርሻው ላይ የሚቀረው ገለባ። ገበሬው ጠቅልሎ ለጣቢያው ይሸጣል። ድሮ ለነዳጅ ነጋዴ ይሄድ የነበረው ብር አሁን ለጎረቤት ገበሬ ይከፈላል። አመዱ ተመልሶ ማሳ ላይ ይበተናል። ገለባው ሲቃጠል ጭስ ይወጣል፤ እውነት ነው። ግን የሚወጣው ካርቦን ሰብሉ በዚያው ዓመት ከአየር የሳበው ነው። ማሳ ላይ ቢበሰብስም አብዛኛው መውጣቱ አይቀርም ነበር።

እንዲህ ዓይነት አራት ጣቢያዎች አሉ። በትራነብየር ያለው ከውድድሩ በፊት የተሠራ ነው። ሦስቱ ከ2002 እስከ 2005 ባሉት ዓመታት ተጨመሩ። በሰሜን ኖርድቢ አጠገብ ያለው ገለባ አይበላም። 2,500 ካሬ ሜትር የሚሸፍን የፀሐይ ማሞቂያና የተቆራረጠ እንጨት የሚያነድ ምድጃ አለው። በፀሐይ ማሞቂያዎቹ መሃል በጎች ይግጣሉ፤ ሣሩን የሚያጭድ ሰው አያስፈልግም። ባለቤትነቱም ለየቅል ነው። ሁለቱን የኤሌክትሪክ ኩባንያ ያዛቸው። ኦንስብየር ያለውን የደሴቲቱ ሥራ ተቋራጭ ሠራው። የባለንና የብሩንድቢ መንደሮች ጣቢያ ደግሞ የተጠቃሚዎቹ የራሳቸው ነው። ሁሉም ቦታ አንድ ዓይነት ማኅበር ይቋቋም አልተባለም። ማን ሊይዘው ይችላል ተባለና እሱ ያዘው።

ሰው ወደ ጋራ ማሞቂያው እንዲገባ ያደረጉት ዘዴም ቀላል ነው። ቧንቧው ከመቀበሩ በፊት የተመዘገበ ሰው የመግቢያ ክፍያው ትንሽ ነው። ቆይቶ ልግባ ያለ ሙሉውን ወጪ ይከፍላል። ማንም አልተገደደም። ጥሩ ቦይለር ያለው ጡረተኛ ልተወው ካለ ይተዋል። ግን ብዙው ሰው አስልቶ ገባ። ከጣቢያዎቹ የራቁ ቤቶች ደግሞ የእንጨት ምድጃ፣ የፀሐይ ማሞቂያ ወይም ሙቀት ከመሬት ስቦ የሚያስገባ ፓምፕ አስገጠሙ። የሚገጥሙት የደሴቲቱ ቧንቧ ሠራተኞችና አንጥረኞች ናቸው። ለዚህ ሥልጠና ወሰዱ። ቄራው ሲዘጋ የጠፋው ሥራ ሁሉ ተመለሰ ማለት አልችልም። ግን የእጅ ባለሙያው ሥራ አላጣም። ዛሬ ከደሴቲቱ ማሞቂያ ከሁለት ሦስተኛ በላይ ከነዳጅ ወጥቷል።

በየቤቱ የተሠራውም ብዙ ነው። አንድ ገበሬ ጎመን ዘር ዘራና ዘይቱን ጨምቆ ትራክተሩን በሱ ነዳ። ሌላው ከላሞቹ የታለበውን ወተት ሙቀት ወደ ቤቱ ወሰደው። ወተቱ ለማንኛውም መቀዝቀዝ አለበት፤ ሙቀቱ ሲባክን ኖሯል። እነዚህ በማንም እቅድ ውስጥ አልነበሩም። ሰው አንዴ ስለ ኃይል ማሰብ ሲጀምር ከግቢው ውስጥ ያለውን ብክነት ማየት ይጀምራል።

አንድ ነገር ግን አልተፈታም። መኪና፣ ትራክተርና ጀልባ። በ1997 በኤሌክትሪክ የሚሄድ ሁነኛ መኪና ገበያ ላይ አልነበረም። ሳምሶዎች ሌላ መንገድ መረጡ። እዚህ የምናቃጥለውን ነዳጅ ያህል ንጹህ ኤሌክትሪክ አምርተን ወደ ዋናው ምድር እንላክ አሉ። በ2003 መጀመሪያ ላይ ከደሴቲቱ ደቡብ ባሕሩ ውስጥ 10 ተርባይኖች ቆመው ሥራ ጀመሩ። እያንዳንዳቸው 2.3 ሜጋዋት ናቸው። ወጪው ወደ 250 ሚሊዮን ክሮነር ነበር። ለእንዲህች ትንሽ ደሴት ይህ አስደንጋጭ ገንዘብ ነው። አምስቱን ማዘጋጃ ቤቱ ተበድሮ ገዛ። ሦስቱን ባለሀብት ገበሬዎች ያዙ። ሁለቱ እንደገና በአክሲዮን ለብዙ ሰው ተከፋፈሉ። ማዘጋጃ ቤቱ የሚያገኘውን ትርፍ እንደልቡ አያወጣውም። በሕጉ መሠረት መልሶ ለኃይል ሥራ ማዋል አለበት።

በ2005 ሳምሶ በዓመት ከምትጠቀመው የበለጠ ኃይል ከታዳሽ ምንጭ ታመርት ነበር። የተባለው 10 ዓመት ሳይሞላ ማለት ነው።

እዚህ ጋ አንባቢ እንዳይሳሳት እፈልጋለሁ። "መቶ በመቶ ታዳሽ" ሲባል ደሴቲቱ ላይ ነዳጅ አይቃጠልም ማለት አይደለም። መኪናው በቤንዚን ይሄድ ነበር፤ ትራክተሩም በናፍጣ። ሒሳቡ የማካካሻ ሒሳብ ነው። ነፋስ በማይኖርበት ቀን ኤሌክትሪኩ በዚያው ገመድ ከዋናው ምድር ይመጣል። ነፋስ ሲበዛ በተቃራኒው ይሄዳል። በዓመቱ መጨረሻ የወጣው ከገባው ይበልጣል። ይህ ትልቅ ነገር ነው። ግን ደሴቲቱ ብቻዋን ቆማለች ማለት አይደለም። ሁሉም ቦታ እንዲህ ይሁን ቢባል ትርፉን የሚቀበል ሌላ ሰው አይኖርም። የሳምሶ ሰዎች ራሳቸው ይህን አልደበቁም። ለዚህ ነው ቆይተው ሁለተኛ ግብ ያወጡት፤ በ2030 ነዳጅን ከደሴቲቱ ጨርሶ ማስወጣት።

ያልተሳካውም መነገር አለበት። ቁጠባው እንደ ምርቱ አልሄደም። ጣሪያና ግድግዳ ሙቀት እንዳያሾልክ ብዙ ቤቶች ታድሰዋል፤ በተለይ ለጡረተኞች ድጋፍ ተሰጥቷል። ግን ሰው ኃይሉ ንጹህ ከሆነ ብዙ መቆጠብ ምን ያደርጋል የሚል ስሜት ይይዘዋል። አጠቃላይ ፍጆታው እንደታሰበው አልወረደም። ለኔ ይህ የጉዳዩ ደካማ ጎን ነው። ማምረት ደስ ይላል፤ ይታያል፤ አክሲዮን ይሸጥበታል። የጣሪያ ሽፋን ማንም አይቶ አያደንቀውም።

የሕዝቡ ቁጥርም ቀነሰ እንጂ አልጨመረም። ዛሬ ከ4,000 በታች ነው። ንጹህ ኃይል ብቻውን ወጣት አያስቀርም። ትምህርት ቤት፣ ሐኪም፣ ሥራ፣ ጀልባ ያስፈልጋል። እነዚህ ሲጎድሉ ተርባይን አይሞላቸውም። ሆኖም ሳምሶ ዝም ብላ ባዶ የምትቀር ደሴት አልሆነችም። በ2007 ባለን መንደር የኃይል አካዳሚ ተከፈተ። ሰዎች ከብዙ አገር ለመማር ይመጣሉ፤ ያድራሉ፤ ይበላሉ። በ2021 ደግሞ በግላስጎው የአየር ንብረት ጉባኤ ጊዜ የተባበሩት መንግሥታት የአየር ንብረት ሽልማት ተሰጣት።

ጎብኚ ሲመጣ ብዙውን ጊዜ ተርባይኖቹን ፎቶ አንስቶ ይሄዳል። ወደ አገሩ ሲመለስ ስንት ሜጋዋት፣ ስንት ክሮነር ብሎ ያወራል። እኔ ግን ሊጠየቅ የሚገባው ሌላ ነው እላለሁ። በስንተኛው ስብሰባ ነው ሰዉ መናገር የጀመረው? የትኛው ቦታ ነው ተርባይን አይቆምበትም የተባለው? አንድ አክሲዮን ብቻ የገዛችው ጡረተኛ ድምፅ ነበራት ወይ? ተርባይኑ የትም ይገዛል። የቆመበትን ቦታ የመረጡት፣ ብድሩን የፈረሙት፣ ክንፉ ሲቆም ለጥገና የሚደውሉት ግን እነሱው ናቸው።

የመርከቡን ነገር ልንገራችሁና ላብቃ። ወደ ዩትላንድ የሚያመላልሰው መርከብ የደሴቲቱ ትልቁ ነዳጅ በል ነበር። አገልግሎቱ ደግሞ በሌላ ኩባንያ እጅ ነበር፤ መርከቡ መቼ ይነሳ የሚለውም እዚያ ይወሰናል። ማዘጋጃ ቤቱ መስመሩን ራሱ ተረከበና የራሱን መርከብ አሠራ። በ2015 ሥራ የጀመረችው ይህች መርከብ በፈሳሽ የተፈጥሮ ጋዝ እንድትሄድ ተደርጋ የተሠራች ናት። የተፈጥሮ ጋዝም ከመሬት የሚወጣ ነዳጅ ነው፤ ግቡ ላይ አልደረሱም። ነገር ግን ያው ሞተር ከከብት እበትና ከተረፈ ምግብ የሚገኝ ባዮጋዝ በፈሳሽ መልክ ቢሰጠው መሥራት ይችላል። እበቱ ደሴቲቱ ላይ አለ። መርከቡም የራሳቸው ነው።